«ድራንክ ዳያሊንግ» ለብቻው መጣጥፍ ይገባዋል ወይስ ለመዝገበ ቃላት ይተው?

ጥያቄው ይህ ነው። በእንግሊዝኛ፣ ሰው ሞቅ ካለው በኋላ ስልኩን አንስቶ ለቀድሞ ፍቅረኛው፣ ለአለቃው ወይም በእኩለ ሌሊት ሊደወልለት ለማይገባ ሰው ሲደውል ድርጊቱን «ድራንክ ዳያሊንግ» ይሉታል። ጠያቂው ይህ የአራዳ ቃል በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ የራሱ መጣጥፍ ሊኖረው ይገባል ወይ፣ «ይህ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ነው፣ ይሰረዝ» የሚሉትስ እውነት አላቸው ወይ ብለዋል። መጣጥፉን ወደ አማርኛው ውክፔዲያ ለማምጣት ማሰባቸውንም ጨምረዋል።

መልሴ፣ አዎ ይገባዋል ነው፤ የሚቆመው ግን ስለ ድርጊቱ የተጻፈ መጣጥፍ ነው። ገጹ ስለ ቃሉ ብቻ የሚያወራ ከሆነ ይሰረዝ የሚሉት ትክክል ናቸው። ክርክሩ ብዙ ጊዜ መልክ የሚያጣው ሁለቱ ወገኖች ሁለት የተለያዩ ገጾች እያዩ ስለሚከራከሩ ነው፤ አንደኛው ዓይኑ ፊት ያለውን ባለ ሦስት መስመር ፍቺ ያያል፣ ሌላው ከምንጮቹ ሊጻፍ የሚችለውን። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ደንብ እዚህ ላይ ግልጽ ነው፦ ለመጣጥፍ የመብቃት ጉዳይ የሚለካው በርዕሱ ነው፣ ዛሬ ገጹ ላይ ባለው ጽሑፍ ጥራት አይለካም። ደካማ ጽሑፍ ይታረማል፤ ምንጭ የሌለው ርዕስ ግን በማረም አይድንም።

«ውክፔዲያ መዝገበ ቃላት አይደለም» የሚለው ደንብ በብዛት ይጠቀሳል፣ በዚያው ልክም ያለ ቦታው ይገባል። ደንቡ የአራዳ ቃል ርዕስ መሆን አይችልም አይልም። የሚለው፣ መዝገበ ቃላት ስለ ቃሉ ይናገራል (አጻጻፉ፣ አነባበቡ፣ ፍቺው፣ ከየት እንደመጣ)፣ መዝገበ ዕውቀት ደግሞ ቃሉ ስለሚጠራው ነገር ይናገራል ነው። «ሰልፊ» ጥሩ ማሳያ ነው። ኦክስፎርድ እ.ኤ.አ. በ2013 የዓመቱ ቃል አድርጎ የመረጠው የመንገድ ቃል ነበር፤ የውክፔዲያው መጣጥፍ ግን የሚያወራው ሰዎች የራሳቸውን ፎቶ ስለማንሳታቸው ታሪክ፣ ስለ ሥነ ልቦናው፣ ሲያነሱ ስለሚደርስ አደጋ ነው።

የትኛው ወገን ላይ እንዳሉ ለማወቅ አንድ ሙከራ ያድርጉ። ረቂቁ ውስጥ ቃሉ በገባበት ሁሉ «ሰክሮ ስልክ መደወል» የሚል ገላጭ ሐረግ ይተኩበት። ከተተካ በኋላ ሰው ለምን እንደሚያደርገው፣ ምን እንደሚያስከትል፣ ለመከላከል ምን እንደተሠራ የሚናገር ጽሑፍ ከቀረ ርዕሱ የመዝገበ ዕውቀት ነው። ከተተካ በኋላ የሚነበብ ነገር ካልቀረ ቦታው ውክሽነሪ ነው። ውክሽነሪ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2002 ጀምሮ ለዚሁ ተብሎ የተከፈተ፣ የውክፔዲያ እህት የሆነ የመዝገበ ቃላት ፕሮጀክት ነው፤ የእንግሊዝኛው ክፍል መስፈርትም በዓይነቱ የተለየ ነው። እዚያ ቃሉ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በላይ በሚሸፍን ጊዜ ውስጥ በሦስት ነጻ ጽሑፎች አገልግሎት ላይ መዋሉ ከታየ ይበቃል። ውክፔዲያ ላይ ያ ማስረጃ ምንም አይፈይድም።

ለምን እንደማይፈይድ ማብራራት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ተከራካሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ርዕስ ለመጣጥፍ መብቃቱን የሚለካው የውክፔዲያ አጠቃላይ መመዘኛ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ሽፋኑ ጉልህ ይሁን፣ ምንጩ ተዓማኒ ይሁን፣ ምንጩ ከርዕሱ ባለጉዳዮች ነጻ ይሁን። ለአዳዲስ ቃላት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥብቅ መስመር አለ፦ ቃሉን የሚጠቀም ምንጭ አይቆጠርም፤ ስለ ቃሉ ወይም ስለ ጽንሰ ሐሳቡ የሚናገር ምንጭ ነው የሚቆጠረው። አንድ የመጽሔት ጸሐፊ «ትናንት ማታ ድራንክ ዳያል አድርጎልኝ» ብሎ ቢጽፍ ቃሉን ተጠቅሞበታል እንጂ ስለ እሱ ምንም አልነገረንም። የዘፈን ግጥም፣ የፊልም ንግግር፣ የልብ ወለድ ምዕራፍ ርዕስም እንደዚያው ናቸው። እንዲህ ያሉ ሁለት መቶ ምሳሌዎች ቢሰበሰቡ ድምራቸው ዜሮ ነው። ምሳሌዎቹን ራሱ ሰብስቦ «ድርጊቱ እየተስፋፋ ነው» ብሎ የደመደመ አርታኢ ደግሞ የራሱን ጥናት አቅርቧል፤ ይህን ውክፔዲያ አይቀበልም።

አሁን ወደ ምንጮቹ እንግባ፤ ጉዳዩ የሚወሰነው እነሱን አንድ በአንድ በመመዘን ነው።

በብዛት የሚጠቀሰው የአውስትራሊያው ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ቨርጂን ሞባይል አውስትራሊያ ሰክረው ለሚደውሉ ደንበኞቹ አንድ አገልግሎት ጀመረ። ደንበኛው ለመጠጣት ከመውጣቱ በፊት 333 ብሎ ሊደውልለት የማይፈልገውን ሰው ቁጥር ያስከትላል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማግስቱ ንጋት 12 ሰዓት ድረስ ከዚያ ስልክ ወደዚያ ቁጥር መደወል አይቻልም። ክፍያው 25 የአውስትራሊያ ሳንቲም ነበር። ኩባንያው አገልግሎቱን ሲያስተዋውቅ 409 ሰዎችን ጠይቄ 95 በመቶው ሰክረው መደወላቸውን አምነዋል የሚል የዳሰሳ ውጤትም አወጣ። ዜናው በብዙ አገር ጋዜጦች ተራባ። ተከራካሪዎች ታዲያ አሥር ጋዜጣ ደርድረው «አሥር ምንጭ አለ» ይላሉ። የለም። ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ውሃ አሥር እንስራ ቢሞላም ምንጩ አንድ ነው። ጋዜጦቹ የደገሙት አንድ ጋዜጣዊ መግለጫ ነው፣ መግለጫውን ያወጣው ደግሞ አገልግሎቱን የሚሸጠው ድርጅት ራሱ ነው፤ ስለዚህ ነጻነትን በሚጠይቀው መስፈርት ይወድቃል።

ይህ ማለት ግን ታሪኩ ከመጣጥፉ ይውጣ ማለት አይደለም። አንድ የስልክ ኩባንያ ለዚህ ባህሪ አገልግሎት እስከመሸጥ መድረሱ እውነት ነው፣ ተመዝግቧል፣ ለአንባቢም ይጠቅማል። መጣጥፍ ውስጥ ለመግባት የሚበቃ መረጃ ሁሉ መጣጥፍ ለማስገኘት አይበቃም፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። የ95 በመቶውን ቁጥር ከጠቀሱ «ኩባንያው ባደረገው ዳሰሳ» የሚለውን አብረው ይጻፉ። ያለ ባለቤት የቆመ መቶኛ አንባቢን ያሳስታል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም ሌሎች ጽሑፎች ከውክፔዲያ ገልብጠው እንደ ተረጋገጠ ሳይንስ ሲያቀርቡት ይገኛል።

የደቡብ ኮሪያው ኤልጂ የትንፋሽ አልኮል መለኪያ የተገጠመለት ስልክ፣ ኤል-ፒ 4100ን፣ በ2000ዎቹ አጋማሽ ገበያ ላይ አውሎ ነበር። ዋና ዓላማው ሰክሮ መኪና መንዳትን ማስቀረት ሲሆን መለኪያው በደም ውስጥ ያለው አልኮል ከ0.08 በመቶ በላይ መሆኑን ሲያሳይ ወደ ተመረጡ ሰዎች መደወልን እንዲከለክል ማስተካከል ይቻል ነበር። ጉግል ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 ለጂሜይል «ሜይል ጎግልስ» የተባለ የሙከራ መሣሪያ አወጣ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ሌሊት ኢሜይል ለመላክ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ በተወሰኑ ሰከንዶች ውስጥ ቀላል የሂሳብ ጥያቄዎችን እንዲመልስ የሚያደርግ ነበር። ሁለቱም ሲጠቀሱ ጥንቃቄ ይሻሉ። ሜይል ጎግልስ ስለ ኢሜይል ነው፣ ስለ ስልክ አይደለም፤ ወደ መጣጥፉ የሚገባው ምንጩ ራሱ ሁለቱን አያይዞ ከጻፈ ብቻ ነው። ደግነቱ በጊዜው ብዙ ዘጋቢዎች አያይዘው ጽፈዋል።

ሚዛኑን በእርግጥ የሚደፋው የምርምሩ ወገን ነው። የኮሙኒኬሽን ተመራማሪዎች የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች ሰክረው ለምን እንደሚደውሉ ጠይቀው አጥንተዋል፤ በጥናቱ የተለዩት ምክንያቶችም መጠጥ የሚሰጠው ድፍረት፣ መዝናናት፣ ስሜትን መናዘዝ፣ ወሲባዊ ፍላጎትና «የት ናችሁ፣ እንገናኝ» ዓይነት ቅንጅት ናቸው። የመጨረሻው ልብ ሊባል ይገባል፤ በተለምዶ ድርጊቱ ከቀድሞ ፍቅረኛ ጋር ብቻ ይያያዛል፣ ጥናቱ ግን አንዳንዱ ጥሪ ተራ የጓደኛ ፍለጋ እንደሆነ ያሳያል። ይህ መዝገበ ቃላት ሊይዘው የማይችል ዕውቀት ነው። ርዕሱ መጣጥፍ ይገባዋል የምለው በዚህ ምክንያት ነው፦ ባለሙያ ተመራማሪዎች ድርጊቱን ስም ሰጥተው፣ ጠይቀው፣ በምድብ ከፋፍለው በአቻ ባለሙያዎች በተገመገመ መጽሔት ላይ አውጥተዋል። ከስልክ ጥሪ ወደ ጽሑፍ መልእክት የተሻገሩ ተከታይ ጥናቶችም አሉ።

ከዚህ ጀርባ ያለውን አሠራር ለማስረዳት የሚጠቅመው «የአልኮል ማዮፒያ» የተባለው ንድፈ ሐሳብ ነው። ክላውድ ስቲልና ሮበርት ጆሴፍስ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ ላይ እንደተነተኑት፣ አልኮል የሰውን ትኩረት ያጠበዋል፤ ቅርብና ጎልቶ የሚታየው ነገር (ናፍቆቱ፣ ንዴቱ፣ እጅ ላይ ያለው ስልክ) ሙሉ ቦታውን ሲይዝ የሩቁ መዘዝ (የነገ ሐፍረት፣ የአለቃ ቁጣ) ከእይታ ይወጣል። እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ይህ ጽሑፍ ስለ ስልክ ጥሪ አንድም ቃል ካልተናገረ፣ ንድፈ ሐሳቡን ከድርጊቱ ጋር የሚያገናኘው አርታኢው ከሆነ፣ ሁለት ምንጮችን አዋህዶ ሦስተኛ መደምደሚያ መፍጠር ይሆናል። ያ ክልክል ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ራሱ የሚያገናኝ ምንጭ ይፈልጉ፣ ከዚያ እሱን ይጥቀሱ። ካላገኙ ንድፈ ሐሳቡን «ተጨማሪ ይመልከቱ» ስር ብቻ ያስቀምጡት።

ተመሳሳዩ ስህተት በታሪክ ምሳሌዎች ላይ በብዛት ይፈጸማል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 11 ቀን 1973፣ የዓረብና የእስራኤል ጦርነት በተፋፋመበት ሰሞን፣ የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሂዝ ፕሬዚዳንት ኒክሰንን በስልክ ለማነጋገር ጠይቀው ነበር፤ የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሄንሪ ኪሲንጀር ለረዳታቸው ለብሬንት ስኮክሮፍት ፕሬዚዳንቱ ጠጥተው እንደነበር መናገራቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ በሆኑት የስልክ ንግግር ግልባጮች ላይ ይነበባል። ታሪኩ እውነተኛና አስገራሚ ነው፣ ለዚህ መጣጥፍ ግን አይሆንም። ኒክሰን ደዋይ አልነበሩም፤ ግልባጩም ስለዚህ ድርጊት አያወራም። «ታዋቂ አጋጣሚዎች» የሚል ክፍል ከፍቶ እንዲህ ያሉትን መደርደር መጣጥፉን ያበላሻል፣ በሕይወት ያሉ ታዋቂ ሰዎች ስም ሲጨመርበት ደግሞ አደገኛ ይሆናል። በሕይወት ያለ ሰው ሰክሮ ደወለ የሚል ዓረፍተ ነገር ጠንካራ ምንጭ ከሌለው ውይይት ሳይጠበቅ ወዲያው መነሳት አለበት። እኔ ክፍሉ ጨርሶ ባይኖር እመርጣለሁ።

ሌሎቹን ምንጮች ፈጠን ብለን እንለፍ። አሮን ፔክሃም እ.ኤ.አ. በ1999 የመሠረተው ኧርባን ዲክሽነሪ ማንም የፈለገውን የሚጽፍበት ስለሆነ አይቆጠርም። የጋዜጣ የፍቅር ምክር ዓምዶች ደካማ ናቸው፤ ዓምደኛዋ በሙያዋ የታወቀች ከሆነችና ሙሉ ጽሑፏ ስለ ድርጊቱ ከሆነ ብቻ ግማሽ ክብደት ይሰጣቸዋል። «ሰክረው እንዳይደውሉ የሚረዱ አሥር መንገዶች» ዓይነት ዝርዝሮች ክብደት የላቸውም። መደበኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ መግባቱ ቃሉ መኖሩን ያሳያል፣ ከዚያ አያልፍም።

ሲፈልጉ በአንድ አጻጻፍ ብቻ አይወሰኑ። ቃሉን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብተው በስም መልኩ፣ በግሥ መልኩ፣ «ድሪንክ ኤንድ ዳያል» በሚለው ሌላ መልኩና «ድራንክ ቴክስቲንግ» በሚለው ዘመዱ ይፈልጉት። ተራው የጉግል ፍለጋ የሚያሳየው የውጤት ብዛት ግምት ነው፣ የዘፈን ግጥም ገጾችንም ሁሉ ስለሚደምር በስረዛ ውይይት ላይ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ጉዳዩን ያዳክማል። ከዚያ ይልቅ ወደ ጉግል ስኮላርና ጉግል ቡክስ ይሂዱ። የሚከፈልባቸው የጋዜጣና የጆርናል ማኅደሮች ካስፈለጉ፣ ቢያንስ 500 እርማትና የስድስት ወር ዕድሜ ያለው መለያ ያላቸው ንቁ አርታኢዎች በውክፔዲያ ቤተ መጻሕፍት በኩል በነጻ ይገቡባቸዋል። ብዙ አርታኢዎች ይህን መብታቸውን አያውቁትም። በመጨረሻም የእያንዳንዱን ምንጭ ቀን መጣጥፉ መጀመሪያ ከተፈጠረበት ቀን ጋር ያስተያዩ፤ የገጹ ታሪክ ላይ ይገኛል። ከመጣጥፉ በኋላ የወጣ ጽሑፍ የመጣጥፉን ዓረፍተ ነገር በቀጥታ ከደገመ፣ የቀዳው ከውክፔዲያ ነውና ተመልሶ ለውክፔዲያ ምንጭ ሊሆን አይችልም።

ስንት ምንጭ ይበቃል ለሚለው ደንቡ ቁጥር አያስቀምጥም። በተግባር ግን ሦስት ጠንካራ ምንጮች ክርክሩን ይዘጋሉ፣ ሠላሳ ደካማ ምንጮች ደግሞ ያራዝሙታል። ሠላሳ ሲቀርብለት አንባቢው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ከፍቶ ደካማ ሆነው ካገኛቸው ሌሎቹን አይከፍትም። ስለዚህ ሦስቱን ምርጦች ብቻ ይዘው ይቅረቡ።

መጣጥፉ ለስረዛ ከቀረበ መንገዱ እንዲህ ነው። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ «ፈጣን ስረዛ» ለተለመደ አዲስ ቃል አይሠራም፤ ያ የሚሠራው ጸሐፊው ራሱ ፈጥሮት ማንም የማያውቀው መሆኑ በግልጽ ለሚታይ ነገር ነው። «የስረዛ ሐሳብ» የሚባለው መለጠፊያ ለሰባት ቀን ይቆያል፣ ማንኛውም ሰው ከተቃወመ ግን ይነሳል፣ አንዴ ከተነሳ ድጋሚ አይለጠፍም። ለዚህ ዓይነት ርዕስ ትክክለኛው መድረክ ሙሉው የስረዛ ውይይት ነው። ቢያንስ ሰባት ቀን ይቆያል፤ በቂ ተሳታፊ ካልመጣ ለተጨማሪ ሰባት ቀን ይራዘማል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ጊዜ በላይ ግን አይራዘምም። የድምፅ ቆጠራ አይደለም፤ የሚዘጋው አስተዳዳሪ የቀረቡትን ምክንያቶች ከደንቡ አንጻር ይመዝናል። መግባባት ከሌለ ገጹ ባለበት ይቆያል።

«ሁሉም ሰው ያውቀዋል»፣ «ጠቃሚ ነው»፣ «ሌሎች የባሱ መጣጥፎች አሉ» የሚሉ አስተያየቶች ክብደት የላቸውም። በሌላው ወገን «የአራዳ ቃል ነው»፣ «ስካርን ያበረታታል»፣ «ጽሑፉ ደካማ ነው» የሚሉትም እንዲሁ። ጓደኞችን ጠርቶ «ይቆይ» ማስባል ከሁሉም የከፋ ነው፤ አዳዲስ መለያዎች ሲጎርፉ ዘጊው ሁሉንም ዋጋ ያሳጣቸዋል፣ ትክክለኛ ምክንያት ያቀረበውም ሰው አብሮ ይጠረጠራል። የሚሠራው አስተያየት እንዲህ ያለ ነው፦ «ይቆይ። ርዕሱ ድርጊቱ ነው። ይህ የኮሙኒኬሽን ጥናት ድርጊቱን ራሱን መርምሯል፤ ይህኛው በሌላ ተመራማሪ የተሠራ ጥናት መልእክት መላክን ጨምሮ አይቶታል፤ ይህ የጋዜጣ ዘገባ ከኩባንያው መግለጫ ውጪ የራሱን ባለሙያዎች አነጋግሯል። የቃሉን አመጣጥ የሚተርከው ያልተጠቀሰ አንቀጽ ይውጣ።» አራት ዓረፍተ ነገር፣ ሦስት ምንጭ፣ አንድ የማሻሻያ ሐሳብ። ድክመቱን ራስዎ ስለጠቆሙ ተቃዋሚዎ የሚይዘው ነገር አይኖረውም።

ማዋሃድን የሚመርጡ ሰዎች አሉ፤ ሐሳባቸው ቀላል አይደለም። ሰክሮ ስልክ መደወልና ሰክሮ መልእክት መላክ ለየብቻ ሁለት ገጽ ከሆኑ ሁለቱም ቀጭን ይሆናሉ፤ እነሱን አንድ ላይ ማድረግና አንደኛውን ርዕስ ወደ ሌላው የሚመራ መምሪያ መንገድ ማድረግ ተገቢ ነው። ስለ አልኮል ስካር ወደሚናገረው ትልቅ መጣጥፍ ውስጥ ማስገባት ግን አልደግፍም። ያ መጣጥፍ የሕክምና ጽሑፍ ነው፣ የምንጭ መስፈርቱም ጠበቅ ያለ ነው፤ ስለ ስልክ ልማድ የገባ አንቀጽ እዚያ ባዳ ሆኖ ይቀራል፣ በመጀመሪያው ጥብቅ አርታኢም ይወጣል። ለንጽጽር፣ ስልክ ኪስ ውስጥ ሳለ ሳይታሰብ ሲደውል የሚፈጠረው ጥሪ በእንግሊዝኛ እንዲሁ የአራዳ ስም አለው፣ መጣጥፉ ግን ብዙም አይነካም፤ ምክንያቱም የአስቸኳይ ጥሪ ማዕከላትን ያጨናንቃልና የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ጭምር ጽፈውበታል። ሰክሮ መደወል እንዲህ ያለ ከባድ ማስረጃ የለውም። ያለው መካከለኛ ማስረጃ ነው፣ ስለዚህ መጣጥፉም መካከለኛ ልክ ሊኖረው ይገባል።

ያ ልክ ምን ያህል ነው? ከ400 እስከ 600 ቃል በቂ ይመስለኛል። መግቢያው ድርጊቱን ይግለጽ እንጂ «ይህ ቃል ማለት» ብሎ አይጀምር፤ በዚያ ሐረግ የሚጀምር መጣጥፍ ገና በመጀመሪያው መስመር ራሱን የመዝገበ ቃላት ገጽ አድርጓል። ቀጥሎ ምክንያቶቹ ከጥናቱ ይምጡ፣ ይህ ትልቁ ክፍል ነው። ከዚያ የቴክኖሎጂው ምላሽ፣ ከ2004ቱ 333 ጀምሮ። የቃሉ ጉዳይ ምንጭ ካለው በአንድ አጭር አንቀጽ መጨረሻ አካባቢ ይግባ። «እንዳይደውሉ ስልክዎን ለጓደኛ ይስጡ» የሚል ምክር አይገባም፤ ውክፔዲያ መመሪያ መጽሐፍ አይደለም። አልኮል አንጎል ላይ ስለሚያደርሰው ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ቢጻፍ በሕክምና የግምገማ ጽሑፍ የተደገፈ ይሁን።

አማርኛውን በተመለከተ። የአማርኛው ውክፔዲያ 15 ሺህ ገደማ መጣጥፎች ያሉት፣ ጥቂት ቋሚ አርታኢዎች የሚንከባከቡት ነው። የእንግሊዝኛው ደንብ በቀጥታ አይገዛውም፤ እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን ይወስናል። ሆኖም ከላይ ያለው የምንጭ ሚዛን እዚህም ይጠቅማል፣ ምክንያቱም በጥቂት ሰው በሚሠራ ቦታ ደካማ ገጽ ለዓመታት ሳይታረም ይቀመጣል። ምንጮቹ አማርኛ መሆን የለባቸውም፤ የእንግሊዝኛ ጥናት ለአማርኛ መጣጥፍ ሙሉ ምንጭ ነው።

ርዕሱን «በስካር ስልክ መደወል» ብለው ገላጭ ያድርጉት። በአማርኛ እንደ አንድ የአራዳ ቃል የሚያገለግል አዲስ ስም ፈጥረው ርዕስ እንዳያደርጉ አደራ እላለሁ፤ ውክፔዲያ ቃል የሚወለድበት ቦታ አይደለም፣ አንዴ ከገባ ደግሞ ሰው እውነተኛ የአማርኛ ቃል እየመሰለው ይገለብጠዋል። የእንግሊዝኛውን ስም በፊደላችን ጽፈው መግቢያው ውስጥ አንድ ጊዜ መጥቀስ ይበቃል። «በኢትዮጵያም ይህ ልማድ በሰፊው ይታያል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለመጨመር ይፈተኑ ይሆናል። እውነት ቢመስልዎትም የሚጠቅሱት ጥናት ከሌለ አይጻፉት። የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናትን «ሰዎች» ብሎ መተርጎምም ስህተት ነው፤ «በአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት» ይበሉ።

ከእንግሊዝኛው መጣጥፍ በቀጥታ የሚተረጉሙ ከሆነ ፈቃዱ ክሪኤቲቭ ኮመንስ ባይ-ኤስኤ 4.0 ነው፤ መተርጎም ይቻላል፣ የዋናውን ጸሐፊዎች መጥቀስ ግን ግዴታ ነው። የመጀመሪያውን ዕትም ሲያስቀምጡ በማጠቃለያው ሳጥን ውስጥ ከየትኛው የእንግሊዝኛ መጣጥፍ፣ በየትኛው ቀን ከነበረው ዕትም እንደተረጎሙ ከነማያያዣው ይጻፉ። የይዘት መተርጎሚያው መሣሪያ ይህን በራሱ ይሞላል፤ በእጅ ሲገለብጡ ግን ይረሳል፣ የቅጂ መብት ጥያቄም የሚነሳው በዚያ ነው። ከመተርጎምዎ በፊት እያንዳንዱን ማጣቀሻ ይክፈቱ። የእንግሊዝኛው ገጽ የሞተ ማያያዣ ወይም ምንጩ የማይለውን ነገር ሊይዝ ይችላል፣ ስህተቱንም አብረው ተርጉመው እንዳያመጡ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከጥያቄው ትንሽ ወጣ ቢልም። ስለ ስልክ ልማድ ለአማርኛ አንባቢ መጻፍ ዓላማዎ ከሆነ፣ ከዚህ በፊት ሊጻፍ የሚገባው ሚስኮል ነው። ሂሳብ እንዳይቆጥር ደውሎ መዝጋት በአፍሪካ በደንብ የተጠና ልማድ ነው፤ ጆናታን ዶነር እ.ኤ.አ. በ2007 በሩዋንዳ ላይ ተመሥርቶ ያሳተመው ጥናት ማን ለማን ሚስኮል እንደሚያደርግ፣ ማን መልሶ መደወል እንደሚጠበቅበት፣ የትኛው ሚስኮል እንደ ነውር እንደሚታይ ሳይቀር በዝርዝር ያስቀምጣል። ከ«ድራንክ ዳያሊንግ» የጠነከረ ምንጭ አለው፣ አንባቢውም ነገሩን ያውቀዋል። እዚያም ላይ ቢሆን የሩዋንዳውን ግኝት የኢትዮጵያ አድርገው አይጻፉ።

ጽሑፉ ሲያልቅ ገጹን የየቋንቋውን መጣጥፎች በሚያያይዘው በዊኪዳታ በኩል ከእንግሊዝኛው ጋር ያገናኙት፤ ይህ ካልተደረገ የእንግሊዝኛውን ገጽ የሚያነብ ሰው የአማርኛው መኖሩን አያይም። ተስማሚ መደብም ይስጡት። የእንግሊዝኛው መጣጥፍ ድንገት ከተሰረዘ ደግሞ የዘጋውን አስተዳዳሪ ጽሑፉን ወደ ረቂቅ ቦታ እንዲያዛውርልዎ በትሕትና ይጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቅዳሉ። እዚያ ሦስቱን ምንጮች ማዕከል አድርገው እንደ አዲስ ይጻፉት። ያንኑ የተሰረዘ ጽሑፍ ሳይቀይሩ መልሶ መለጠፍ ግን ያለ ውይይት ወዲያው ያሰርዘዋል፣ ቀጥሎ የሚመጣውን የተሻለ ረቂቅም ያስጠረጥረዋል።